ሰኞ ሰኞ የሚሞት ዋይፋይ

ማክሰኞ 4

ዛሬ አልሆነም። የንግግር ሐኪሟ በቪዲዮ የምትጠብቀን አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ላፕቶፑ ኔትወርክ የለም ብሎ ድርቅ አለ። ሳሎኑ ጥግ ያለችው የኢንተርኔት ሳጥን ግን መብራቶቿን ቦግ ብልጭ እያደረገች ታሾፍብኛለች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። እጄን ብዕር ካላስያዝኩት ለሆቴል እንድሰፋ የታዘዝኩት መጋረጃ ሁሉ ይበላሻል፤ ከሰዓት በኋላ አንዱን ሽንሽን ስሰፋና ስፈታ ነው የዋልኩት። ባለቤቴ ስትሮክ የመታው ከሁለት ወር በፊት ነው፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑ ፊት እንደተቀመጠ። ወደ ቀኝ ሲወድቅ ላፕቶፑንም ይዞት ወረደ። ሁለቱም ተነሱ፣ ሁለቱም እንደ ድሮው አይደሉም። እሱ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፣ ቃል አልወጣ ይለዋል። ሐኪሞቹ አእምሮው ደህና ነው፣ የምትይው ሁሉ ይገባዋል፣ ያቃተው ቃሉን ፈልጎ ማውጣት ነው ብለውኛል። የቀረችው አንዲት ቃል "እሺ" ናት። ሲርበው እሺ፣ ሲናደድ እሺ፣ አይሆንም ለማለትም ራሱን እየነቀነቀ እሺ። ላፕቶፑ ደግሞ ሁሉን ይሠራል፣ ዋይፋይ ብቻ አይታየውም።

ሐኪሟ ያለችው ሩቅ ከተማ ነው። በቪዲዮ የምታስተምረው ጥቂት ሰው ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። ማዕከሉ ሦስት ጊዜ የቀረ ቦታው ለሌላ ይሰጣል የሚል ደንብ አለው። እሷ ራሷ ስንመዘገብ ጊዜ አታባክኑ፣ ንግግር በደንብ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል ብላኛለች። በስልክ ሞከርን፤ ሥዕሎቹ ደቃቅ ሆኑበት፣ በቀኝ በኩል ያለውም አይታየውም፣ ተናዶ ስልኩን አሽቀነጠረው። እንግዲህ አንዱን ቀሪ ገና ከጅምሩ በላሁት።

እሱ ቁጭ ብሎ መስኮት መስኮቱን ያያል። እኔ ለሁለታችን አወራለሁ።

ረቡዕ 5

አዳፕተር የምትባል ነገር ገዛሁ። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ዩኤስቢው ላይ ስትሰካ ዋይፋይ ትሰጣለች ተብሏል። ሻጩ "ዊንዶውስ ነው አይደል?" አለኝ። ሊኑክስ የሚባለው ነው የተጫነበት ስለው የበሽታ ስም የጠራሁበት ይመስል አዘነልኝ።

ባለቤቴ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ሲጠግን ነው ዕድሜውን የፈጀው። ሊኑክስን ሲወድ ለጉድ ነው። "የቤቴ ቁልፍ በኔ ኪስ ይሁን" ይል ነበር። እኔም "ቁልፉ ኪስህ ሲገባ ሌላው ሰው በር ላይ ይቆማል" እያልኩ እስቅበት ነበር። ይኸው በር ላይ ቆምኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ጀርባውን እያየሁ የስፌት መኪናዬን ሳንቀጫቅጭ ኖርኩ፣ አንድ ቀን ምን እየሠራህ ነው አላልኩትም። የምጠይቀው ሰው አጠገቤ ተቀምጧል፣ እሺ ይለኛል።

ሰካኋት። ምንም። ነቅዬ ሰካኋት። ምንም።

ሐሙስ 6

ጠጋኙ መጣ። ሠፈሩ "ችግር የለም" ነው የሚለው፣ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ሥራው ስልክ ነው፣ እጁ የማይገባበት ግን የለም። ውኃ የገባበት ስልክ ብታሳየው ችግር የለም፣ መኪና የሄደበት ብታሳየውም ችግር የለም።

አዳፕተሯን ሰካና ስክሪኑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ ሁለት መስመር ጻፈ። አገጩን አከከ።

"እናቴ፣ ኮምፒዩተሩ አይቷታል። አላወቃትም።"

እናቴ የሚለኝ ነገር አይጥመኝም፣ ያን ያህል አልበልጠውም። ቢሆንም ዋጥኩት።

"ማለት?"

"እንግዳ በር ላይ ቆሟል፣ የቤቱ ሰው ቋንቋውን አይሰማም። አስተርጓሚ ይፈልጋል። ድራይቨር ነው የሚባለው።"

"እና ይምጣላ።"

"ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው።"

"ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት?"

"እንደዚያ ነው። ችግር የለም።"

የራሱን ስልክ በገመድ አገናኝቶ አወረደው። የኔ ስልክ መሰኪያው ስለላላ እንኳን ኢንተርኔት ሊሰጥ ቻርጅም የሚያደርገው ለምኜው ነው። ድራይቨሩ ተዘጋጅቶ አይመጣም አለኝ፣ ጥሬውን ነው የሚሰጡት። "እንደ እርስዎ መጋረጃ ነው። ጨርቁ ይመጣል፣ ለዚህ መስኮት ተለክቶ እዚሁ ይሰፋል።" ይኼ ገባኝ። እንደዚህ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እኔም እስካሁን ዶክተር ነበርኩ።

ስክሪኑ ላይ ፊደል እንደ ጉድ ይፈስ ጀመር። ያን ጊዜ ባለቤቴ በግራ እግሩ ባለጎማ ወንበሩን እየገፋ መጥቶ አንገቱን አሰገገ። በሁለት ወር ውስጥ ከመስኮቱ ሌላ ነገር ሲያይ ይኼ የመጀመሪያው ነው። አዳፕተሯ ላይ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ስትል "እሺ" አለ። የዛሬው እሺ እውነተኛ እሺ ነበር። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

እሑድ 9

ዛሬ ላስደስተው ብዬ ነበር።

እሑድ እሑድ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ኮምፒዩተሩን አፕዴት ያደርግ ነበር። "ቤቱን ልጥረግ" ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ሲሄድ ለኔ አስተማረኝ፦ አንዲት መስመር ትጽፊያለሽ፣ የይለፍ ቃሉን ታስገቢያለሽ፣ ሲጠይቅሽ አዎ ትያለሽ፣ በቃ። ከኮምፒዩተር የማውቀው ይኼንኑ ነው፣ ከእሱ ስለተማርኩት አልረሳውም። ከወደቀ ጀምሮ ኢንተርኔት ስላልነበረ የሁለት ወር ጥራጊ ተከምሯል። ቤትህ አልፈረሰም፣ እሑድህ እሑድ ነው ልለው ፈለግኩ።

መስመሯን ስጽፍ ወንበሩን እየገፋ መጣ። "እሺ፣ እሺ፣ እሺ።" ፊቱ በርበሬ መሰለ። በግራ እጁ አንጓዬን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ለካ ጉልበት አለው። እጁን ሳምኩና "አይዞህ፣ አውቀዋለሁ፣ አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ" አልኩት። አዎ አልኩት ኮምፒዩተሩን፣ ሠራ፣ አለቀ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የራሱን ሥራ ሌላ ሰው ሲሠራው ማየት ከብዶት ነው። እኔም መኪናዬ ላይ ሌላ ሴት ብትቀመጥ ደስ አይለኝም። ቀስ እያለ ይለምደዋል።

ሰኞ 10

አበራሁት። ሰማያዊዋ መብራት የለችም። ነቀልኩ ሰካሁ። አጠፋሁ አበራሁ። የለችም።

ነገ ማክሰኞ ነው።

ችግር የለም ስልክ አያነሳም። ሱቁ ሄድኩ፣ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል ተባልኩ። የሆቴሉ መጋረጃ አልተነካም፣ አለቃቸው ሁለቴ ደውሎብኛል።

እሱ እጁን ወደ ላፕቶፑ ሰደደ። ራቅ አደረግኩበት። አንዴ ወድቋል፣ ሁለተኛ ከወደቀ አለቀልን።

ማክሰኞ 11

ቀረን። ሁለተኛው ነው።

ሐኪሟ ደወለች። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እኔ አልቀየማችሁም፣ ሦስተኛው ላይ ግን የሚወስነው ማዕከሉ ነው" አለችኝ። አንድ ቀን ብታልፉን አይሆንም ወይ አልኳት። አይሆንም። እሱን ያቅርቡልኝ አለችና በስልክ "ደህና ነዎት?" አለችው። እኔ "ደህና ነው፣ ዛሬ ትንሽ ከፍቶታል እንጂ" አልኳት። እሷም "እሱን ነበር የጠየቅኩት" አለችኝ።

እሺ ብሎ ነበር እኮ የሚመልስላት። እሺ ከማለት ይሻላል ብዬ ነው።

ረቡዕ 12

ችግር የለም መጣ፣ ድራይቨሩን እንደገና ሰፋው፣ መብራቷ መጣች። ግን ችግር የለም ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሩን ቋጠረ።

"ሐሙስ ትቼው ስሄድ ይሠራ ነበር። በመካከል ምን ተነካ?"

"ምንም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እኔ አብርቼ ከማጥፋት በቀር ምን አውቃለሁ? እግዜር ያሳይህ፣ ድምፁን እንኳ አልነካሁትም።"

ባለቤቴ ከወንበሩ ላይ "እሺ! እሺ!" እያለ ግራ እጁን ወደ እኔ ይወረውራል። ችግር የለም አየውና አየኝ። ደክሞት ነው፣ እንግዳ ሲመጣ እንደዚህ ይሆናል አልኩት። ለባለቤቴ ውኃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም።

ሐሙስ 13

እትዬ መጥተው ዋሉ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፣ እጃቸው ባዶ ሆኖ መጥተው አያውቁም፣ አፋቸውም ባዶ ሆኖ መጥቶ አያውቅም።

ጨርቅ ላመጣ ስነሳ ኮሪደሩ ላይ በስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ልሰማ ብዬ አይደለም። "ወንድሜማ እንዴት ይናገር? እሷ መቼ ትንፋሽ ትሰጠዋለች። ገና አፉን ሲከፍት እሷ ጨርሳዋለች። ድሮም እንደዚያው ናት፣ አሁን ባሰባት እንጂ።"

ጨርቁን ይዤ ገባሁ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው። ዝም አይነቅዝም። ግን ማን ይናገርለት? ሐኪም ቤት ማን ነው ሕመሙን የሚያስረዳው? ሲጠማው ማን ያውቅለታል? ማታ ላብ ሲያጠምቀው አጠገቡ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ አይደሉም።

ሲሄዱ "ያንን ኮምፒዩተር ጣይው፣ የኔን ላምጣልሽ፣ እንደሰው ኮምፒዩተር የሚሠራ ነው" አሉኝ። አይ ይቆይ አልኳቸው። ጣቶቹ የሚያውቁት ይኼኛውን ነው፣ ሌላ ቢያይ ግራ ይገባዋል። ለዚህ ነው አይ ያልኩት፣ በሌላ አይደለም።

እሑድ 16

አዳፕተሯ ጠፋች!

ቤቱን ልጥረግ ብዬ ስቀመጥ የለችም። ጨርቅ ሁሉ አራገፍኩ፣ የመኪናዬን ሥር፣ የአልጋውን ሥር፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን። እሱ ቁጭ ብሎ ያየኛል። በመጨረሻ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደጨመረ አለመንቀሳቀሱን አየሁ። አሳየኝ ብለው ጭራሽ ጨበጠው። ፈልቅቄ ልወስድ ታገልኩት፣ እንደ ሕፃን። አቃተኝ። ተቆጣሁት። "አንተን ለማዳን አይደል እንዴ ሌት ተቀን የምባዝነው፣ ምን አደረግኩህ" አልኩት። ሌላም አልኩት፣ እዚህ አልጽፈውም።

ያለ ኢንተርኔት አፕዴት የለም። ቤቱ ሳይጠረግ ቀረ። ሠላሳ ዓመት እሑድን ያላሳለፈ ሰው፣ ዛሬ እሱ ራሱ ሲያበላሸው ማየት ያማል። ሐኪሞቹ አእምሮው ደህና ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው?

ሰኞ 17

ጠዋት ስነሳ አዳፕተሯ ቦታዋ ላይ ተሰክታለች። ራሱ ነው የሰካት። መብራቷም በርታለች።

ድብብቆሽ መሆኑ ነው። ነገ ማክሰኞ ነው፣ ምንም አልነካም፣ አልተነፍስም።

ማክሰኞ 18

ሠራ። ሠራ። ሐኪሟ ስክሪኑን ሞልታ ብቅ አለች፣ በጣም ወጣት ናት። ዶክተር አይደለሁም ትላለች፣ እኔ ግን ዶክተር እላታለሁ፣ ምን ከበደኝ።

የማንኪያ ሥዕል አሳየችው። አፉን ከፈተ። እኔ ልረዳው "ማን…" አልኩ።

"እርስዎ እንደሚያውቁት አውቃለሁ" አለችኝ እየሳቀች። "እስኪ በልብዎ እስከ ሃያ ይቁጠሩልኝ።"

ቆጠርኩ። ስድስት ስደርስ አላስቻለኝም፣ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። ተናዶ "እሺ" አለ። እንደገና ይቁጠሩ አለች። ሁለተኛው ላይ ከንፈሬን ነክሼ እስከ መጨረሻው ቆጠርኩ፣ ሃያ ይኼን ያህል ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሃያን ካለፍን በኋላ "ማ" አለ። ማ ብቻ። ማ!

ስንጨርስ ሐኪሟ "ቃሉ ያለ ይመስለኛል። ያጣው ተራውን ነው" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ዐረፍተ ነገር እንሞክራለን፣ አይቅሩ፣ ስለናንተ ከማዕከሉ ጠይቀውኛል አለችኝ።

ማታ እራት ላይ ማንኪያውን ደብቄ "ምን ልስጥህ?" አልኩት። ጠበቅኩ። ሾርባው እየቀዘቀዘ ሄደ። ሰጠሁት።

ዓርብ 21

የሆቴሉን መጋረጃ ግማሹን አስረከብኩ። ሽንሽኑ ተዛብቷል አሉኝ። ተዛብቷል፣ እውነታቸውን ነው። ድሮ እኔ የሰፋሁት መጋረጃ ተመልሶ አያውቅም።

ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት መብራቷን አያታለሁ። አለች። ተኝቼ ደግሞ ተነስቼ አያታለሁ።

እሑድ 23

ተጠንቅቄ አደረግኩት። መጀመሪያ ፀሐይ ይንካህ ብዬ በረንዳ አወጣሁትና የመስታወቱን በር ዘጋሁ፣ ብርድ ልብስ እግሩ ላይ ጣል አድርጌለት። ከዚያ ተቀምጬ ቤቱን ጠረግኩ። በሁለት ሳምንት ብዙ ተከምሮ ነበር፣ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አዎ አልኩት፣ አለቀ።

በመካከሉ መስታወቱን በግራ መዳፉ ይደበድበው ነበር። ብርድ ይሆናል ብዬ በምልክት መጣሁ፣ መጣሁ አልኩት። ሳስገባው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዓይኑን ጠረግኩለት። "ሠራሁልህ፣ ንጹህ ነው" አልኩት።

ሲከፋው ሆዴ ይባባል። ግን ደግሞ አንድ ሰው በዚህ ቤት ውስጥ ነገሮች እንደ ድሮው እንዲሄዱ ማድረግ አለበት።

ሰኞ 24

የለችም። መብራቷ የለችም።

ችግር የለም ሱቅ ተዘግቷል። አጎቱ ሞቶበት አገር ቤት ሄዷል፣ ሐሙስ ነው የሚመለሰው። ስልኩ አይሠራም። ወግ ነው፣ ሰው ይሞታል፣ ግን ዛሬ?

ነቀልኩ ሰካሁ። ሌላው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። በጨርቅ ጠረግኳት። በቃ እሷም እንደኛ ሰኞ ትጠላለች።

ለእትዬ ደውዬ ኮምፒዩተርዎን ያምጡልኝ ልበል? ከዚያ በኋላ አፋቸውን ማን ይችለዋል። አልደውልም።

ደወልኩ። አላነሱም።

ማክሰኞ 25፣ ጠዋት

እትዬ አሁንም አያነሱም። ከማዕከሉ መልእክት መጣ፦ "በዛሬው ቀጠሮ ካልተገኙ ስምዎ ከዝርዝሩ ይወጣል።" አንብቤ ለእሱ አልነገርኩትም። ከዚያ አነበብኩለት። ከዚያ ለምን አነበብኩለት ብዬ ራሴን ረገምኩ።

ማክሰኞ 25፣ ማታ

ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ከላፕቶፑ ጋር ስተናነቅ ስምንት ሰዓት አለፈ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ የማውቃትን አንዲት መስመር ደጋግሜ እጽፋለሁ፣ ኢንተርኔት የለም ይለኛል። ሌላ ምን ልጻፍ? ስጮህበት ስለምነው ድምፄ ዘጋ። ጉሮሮዬ በቃኝ አለ። ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁ።

የወንበሩ ጎማ ሲንቋቋ ሰማሁ። መጥቶ እጄን ከኪቦርዱ ላይ ጣት በጣት አነሳው። ተው ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ስለገባኝ አይደለም ዝም ያልኩት፣ ይኼን መጻፍ አለብኝ። መናገር ስላቃተኝ ነው።

ማብሪያውን በግራ አውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘ። ስክሪኑ ጠፋ። ነፍሴ አብራ ጠፋች። እንደገና አበራው፣ ወዲያው አንዲት ቁልፍ በሌባ ጣቱ ቶሎ ቶሎ ይመታ ጀመር። አይቼው የማላውቀው ጥቁር ገጽ መጣ፣ ጥቂት መስመር ብቻ ያለበት። ሁለተኛውን መረጠ። ሌላ ዝርዝር መጣ፣ ሁሉም አንድ ስም፣ መጨረሻቸው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ የተለያየ። ጣቱን የላይኛው ላይ አሳረፈና ዓይኔን አየኝ። ራሱን ነቀነቀ። "እሺ" አለ፣ አይደለም የሚለውን እሺ። ከዚያ ከሥሩ ወዳለው ወረደና ተጫነ። ቃል አልጻፈም፣ ቃል አላወጣም። ያየውን መረጠ፣ በቃ።

ኮምፒዩተሩ ተከፈተ። ሰማያዊዋ መብራት ብልጭ አለች።

ጥቂት ቆይቶ ገባኝ፣ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ መጣልኝ። የላይኛው የእሑዱ ነው። እኔ ቤት ጠረግኩ በምልበት ቀን ኮምፒዩተሩ አዲስ ልብ ይተክላል፣ አሮጌውን ከሥር ያስቀምጣል፣ ሰኞ ሳበራው በአዲሱ ይነሳል። ድራይቨሩ የተሰፋው ለአሮጌው ነው። መስኮቱን በእጄ ቀይሬ መጋረጃው ለምን አልገጠመም ስል ነው የከረምኩት፣ እኔ፣ መጋረጃ ሰፊዋ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። እሱ ያስተማረኝን አንዲት መስመር ይዤ የእሱን መንገድ ስዘጋበት ነበር። ኪሱ ውስጥ የጨበጣት አዳፕተር ትዝ አለችኝ። የበረንዳው መስታወት ትዝ አለኝ። እኔ እኮ ብርድ መስሎኝ ነው።

"እሑድ ነው?" አልኩት በሰለለ ድምፅ። "እኔ ነኝ?"

አየኝ ብቻ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ። አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። መጀመሪያ ትኩር ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ሳቀ። ግማሽ አፉ ብቻ ነው የሚስቀው፣ ግን ትከሻው ሁሉ ሳቀ። እኔ ወለሉ ላይ ጨርቆቹ መካከል ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እሱም እየሳቀ ፀጉሬን በግራ እጁ ይነካካል። ይቅር አለኝ አላለኝም አላውቅም። መጠየቅ ፈራሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሐኪሟ ብቅ አለች። ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ።

"መጣችሁ! እኔማ ዛሬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ማን አስተካከለው?"

እኔ ትንሽ ድምፅ ተመልሶልኝ ነበር። "ዶክተር፣ የዛሬውን ጉድ ብነግርሽ፣ እኔ እሑድ ለካ…"

"ዝም በይ።"

ሐኪሟ መሰለችኝ። ሐኪሟ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ዞር ስል ባለቤቴ ነው። እኔን አያየኝም፣ ስክሪኑን ነው የሚያየው፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ትዳር ከያዝን ጀምሮ አንድ ቀን ዝም በይ ብሎኝ አያውቅም። ስንቴ ሊለኝ ፈልጎ ነበር? ልቀየም ነው፣ ልስቅ ነው፣ ለእትዬ ልደውል ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ዝም አልኩ።

ሐኪሟም እሱን ጠበቀች። ከንፈሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። አልቆጠርኩም።

"እኔ" አለ። ግራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እኔ።"

ሐኪሟ "እንዴት አድርገው?" አለችው። እኔን ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እሱ ያለውን ሁሉ ይዞ ወደዚያ ጥያቄ ሲሄድ አየሁት። ከዛሬ ወዲያ ምን ምን ሊለኝ እንደሚችል ሳስብ ፈራሁ። ቢሆንም ተነስቼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁላቸው።